ሦስት ሰዓት ከሃያ

ባለፈው ሳምንት ነጩን ሣጥን ከጣሪያው ላይ አወረድነው። አራት እግር ያለው፣ ጎኑ በተደራረቡ ቀጫጭን ጣውላዎች የተሠራ፣ ነፋስ የሚያስገባ ፀሐይ ግን የማያስገባ ሣጥን ነው። ሁለት ሠራተኞች መጥተው ብሎኑን ሲፈቱ እኔ ውስጡ የነበሩትን ሁለት ቴርሞሜትሮች በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ቆምኩ። አሠሪዬ ዶክተር ደረጃው ግርጌ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ጣሪያ አይወጡም። ሣጥኑ በአጠገባቸው ሲያልፍ በመዳፋቸው ነካ አደረጉትና "ኸላስ" አሉ። አበቃ ማለት ነው።

የእኔም ሥራ በዚያው ቀን አበቃ። ዶክተርና ባለቤታቸው ማዳም ሪያድ ወዳለው ልጃቸው ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። የእኔም ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ተመትቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አገሬ እገባለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ላይ "የቤት ሠራተኛ" የሚል ተጽፏል። ውሸት አይደለም፤ አብስያለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ ጠርጌያለሁ። ነገር ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ጣሪያ እየወጣሁ አየሩ ምን እንደሚል የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ደብተሮቹ አሥራ አራት ናቸው። እኔ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንልኝም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በጽሑፍ ግን ስለማላፍር ሥራዬ ምን እንደነበረ እዚህ እጽፈዋለሁ። ያበላሸሁትንም ጭምር።

ወደ ሳዑዲ ስመጣ ሃያ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ የገባሁት ዳማም፣ አል ባዲያ ሰፈር፣ ብዙ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። የገባሁ ዕለት የዚያ ቤት እመቤት "ነገ ምሳ በአንድ ሰዓት" አለችኝ። ቁጥር በዐረብኛ ተምሬ ስለመጣሁ በደንብ ገባኝ። በማግስቱ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ ልጆቹ ገና ዓይናቸውን ሲያሹ፣ ሩዝና ዶሮ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኳቸው። የእነሱ አንድ ሰዓት የእኛ ሰባት ሰዓት መሆኑን ያን ዕለት ነው የተማርኩት። የዳማምና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ነው፤ አጠራሩ ላይ ብቻ ስድስት ሰዓት ይለያያል። ልጆቹ ለወራት ጠዋት ጠዋት "ማና፣ ምሳ ደረሰ ወይ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሙሉ ስሜ ማንጠግቦሽ ነው፤ እዚህ ግን ጠርቶ የሚጨርሰው ስላልተገኘ ማና ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ሰዓት ሲነግሩኝ በልቤ ወደ እኛ እለውጠዋለሁ፤ እኔ ስነግራቸውም ወደ እነሱ እለውጥላቸዋለሁ። የእጄን ሰዓት ግን አልነካሁትም። እናቴ ስትሸኘኝ ያሰረችልኝ ትንሽ ሰዓት ነው። በአገሬ አቆጣጠር እንደተሞላ ቀረ።

ሁለት ዓመቴን ስጨርስ ካፊል፣ ማለትም አሠሪ፣ ቀይሬ ኾበር፣ ዶክተር ቤት ገባሁ። ዶክተር ስል ሐኪም አይደሉም፤ የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ከማስተማር ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ነበር የሚሠሩት። በቀን ሦስት ጊዜ ጣሪያ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግድግዳውን ተደግፈው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው መሀል ላይ ጉልበታቸው ያዛቸውና ቁጭ አሉ። እኔ ከታች እየወለወልኩ ነበር።

"ማና፣ ቁጥር ታነቢያለሽ?"

"አነባለሁ።"

"ነጥብ ያለውንስ?"

"እሱንም አነባለሁ።"

"እንግዲያው ውጪና ሣጥኑን ክፈቺ። ሁለቱ ስንት ስንት እንደሚሉ ንገሪኝ።"

ሮጬ ወጥቼ ተመለስኩና ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ "የትኛውን ቀድመሽ አነበብሽ? ከነጥቡ በፊት ያለውን ነው በኋላ ያለውን?" አሉኝ።

"በፊት ያለውን።"

"ተመልሰሽ ውጪ። ትንሿን ቁጥር አስቀድሚ። ፊትሽን ስታስጠጊ ትንፋሽሽ ያሞቀዋል፤ ትንሿ ቁጥር አትጠብቅሽም፣ ወዲያው ትለወጣለች። ትልቋ አትቸኩልም።"

ሥራዬ በዚህ ተጀመረ። ከሁለቱ ቴርሞሜትሮች አንዱ ጫፉ ላይ እንደ ካልሲ ያለ ጨርቅ ለብሷል፤ የጨርቁ ጅራት ውሃ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ ቁጥር ሲቀራረብ አየሩ እርጥብ ነው፤ ሲራራቅ ደረቅ ነው። አቧራ በነፈሰ ማግስት ጨርቁ ጭቃ ይይዝና ቴርሞሜትሩ ይዋሻል። ማጠብ የለመድኩት ሥራ ስለሆነ እኔ ከያዝኩት በኋላ አልዋሸም። የአየሩን ክብደት የሚለካው ባሮሜትር ደግሞ ደረጃው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክብ ነገር ነው። ዶክተር መስታወቱን በአንድ ጥፍራቸው አንድ ጊዜ ብቻ መታ ያደርጉና ሦስት ጊዜ እስኪተነፍሱ ይጠብቃሉ። ሁለት ጊዜ ሲመቱት አይቼ አላውቅም። "አንዴ ማንኳኳት መጠየቅ ነው፤ ሁለቴ ማንኳኳት የምትፈልጊውን መልስ መለመን ነው" ይላሉ።

ጣሪያው ላይ ዝናብ የሚጠራቀምበት ጣሳም አለ፤ መጀመሪያ አካባቢ ግን በደብተሩ ላይ የዝናቡን ዓምድ ባዶ እተወው ነበር። ኾበር ወራት ሙሉ ጠብታ አይወርድም፤ ምን ልጻፍ? ባዶውን ሲያዩ "ይህን ቀን አልወጣሽም?" አሉኝ። ወጥቻለሁ፣ ዝናብ ማፊ፣ የለም አልኳቸው። በማግስቱ እንዳይቆጡኝ ብዬ በአማርኛ ፊደል "ማፊ" ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደሚል ጠይቀውኝ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ሲጨርሱ እርሳሱን ወስደው ዜሮ አደረጉበት።

"ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ወጥተሽ ጣሳውን አይተሽ የለም ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።"

በዚያ ቤት ላጲስ አልነበረም። እኔ ደግሞ በልጅነቴ እንደለመድኩት አንድ የተሳሳተ ቁጥር በነጠላ ጫማዬ ጎማ ፈተግኩት። ወረቀቱ ጠቆረ።

"እዚህ ምን ነበር?"

"ስህተት ነበር ዶክተር።"

"መልሺው።"

"ጠፋ እኮ።"

"እኮ፤ ለዚህ ነው የተቆጣሁት። ስህተት ስትሠሪ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሠርዢበት፤ ከሥር ያለው ይነበብ። ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፊ። ከዚያ ስምሽን አስቀምጪ። ያጠፋሽው ስህተት ሌላ ሰው ሊጥል ይችላል።"

ስሜ ረጅም ስለሆነ "ማ" የሚለውን ፊደል ብቻ እጽፍ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ዶክተር ያችን አንዲት የአማርኛ ፊደል ማንበብ ቻሉ።

እኔ ከላይ ቁጥር ስጠራ እሳቸው ከታች ሆነው ያወሩኛል። የሕይወት ታሪካቸውን የሰማሁት እንዲህ ቁርጥራጩን ነው። አባታቸው በዚሁ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሳይበረታ ባሉት ሳምንታት እዚህ አገር ሰራያት የሚሉት ድንገተኛ ማዕበል አለ። ሰማዩ ጠርቶ ይውልና በግማሽ ሰዓት ውስጥ አቧራ፣ ነፋስ፣ ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም በረዶ ይሆናል። የአባታቸውን ጀልባ ሰራያት ገለበጠው። አባታቸው ዋኝተው ወጡ፤ አጎታቸው ግን አልወጡም። ዶክተር በወጣትነታቸው አየር ማረፊያ ውስጥ ደመና የሚመዘግብ ሠራተኛ ሆነው ሲቀጠሩ ሰራያትን ቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ አለቃቸውን ጠየቁ። "አላህ ነው የሚያውቀው። አንተ ያየኸውን ጽፈህ ቤትህ ግባ" አሏቸው።

"እኔም አላህ ያውቃል አልኳቸው። እንዳናይ ግን አልከለከለንም" አሉኝ ዶክተር።

ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ግን ያቺን አንዲት ጥያቄ ሲከተሉ ነው የቆዩት። ያገኙት ነገር ትንሽ ናት። ሰራያት ከመምጣቱ በፊት ባሮሜትሩ እየወረደ ሳለ በድንገት ትንሽ ዘለል ይልና መልሶ ይወርዳል። ይህን "ኩሓ" ይሉታል፤ ሳል ማለት ነው። እንደ እሳቸው አባባል ሳሉ በዚህ ባሕር ዳርቻ ከታየ በኋላ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰራያቱ ይደርሳል። አንዳንዴ ስሎ ዝም የሚልበትም ቀን አለ። ሳሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ በየሰዓቱ ብቻ የሚመዘግቡ ጣቢያዎች ያመልጣቸዋል። እኛ ግን ባሮሜትሩ መውረድ ሲጀምር በየዐሥር ደቂቃው እናየው ነበር።

እኔም ትንሽ ነገር ጨምሬበታለሁ። ሳል በሚታይበት ቀን ጠዋት የማሰጣው ፎጣ አይደርቅም፤ ከብዶ ይውላል። ይህን ፈራ ተባ እያልኩ ስነግራቸው እርሳስ አስነሥተውኝ "የማና ፎጣ" ብለው የራሳቸው ደብተር ላይ ጻፉት።

ደብተሬ ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚሉ ዓምዶች ታትመው ስለነበር ሰዓት መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ሰዓት የሚጻፈው ከኋላ ባለው የልዩ ነገር ገጽ ላይ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ዶክተር ከወንበራቸው ሆነው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ለብቻዬ የጻፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ዶክተር ሥራቸውን ለሌሎች አጥኚዎች ሊያቀርቡ ውጭ አገር ሄደው በአውሮፕላን እየተመለሱ ነበር። ዶክተር ለማመሳከር ያስገቡት፣ ኮምፒውተር ላይ በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያም አቧራ ገብቶበት ለጥገና ተልኳል። ማዳም እዚሁ ኾበር ከሚኖረው ሌላው ልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ኒስፍ አልቀመር የሚባለው ባሕር ዳርቻ ሊውሉ በጠዋት ወጡ። የልጃቸው ቤት ሠራተኛ የሆነችው እቴ ስንዱም አብራቸው ነበረች። እቴ ስንዱ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በዚህ አገር ያለችኝ እህት እሷ ናት።

ጣሪያ ላይ ፎጣ እያሰጣሁ ሳለ አየሩ አላማረኝም። ወርጄ ባሮሜትሩን አንዴ መታ አደረግኩት። ወርዷል። ፎጣዬን አሰጥቼ በዐሥር ደቂቃ ተመለስኩ። ዘለል አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው መልሶ ወርዷል። እጄ እንደራሰ እርሳሱን አንሥቼ፣ የእጄን ሰዓት አየሁና ከኋላ ባለው ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ ኩሓ፣ 3:20።

ዶክተር ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ማዳም ጋ ልደውል ስልኬን አነሣሁ። ምን ልበል? ማዳም ከቤተሰባቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ እኔ የቤት ሠራተኛዋ ደውዬ ማዕበል ሊመጣ ነው ልል ነው? ሰማዩ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ቢስቁብኝስ? ስልኩን አስቀመጥኩት። ቀኑን ሙሉ አነሣሁት፣ አስቀመጥኩት። ሰዓቱን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። ሳሉ ከታየ አራት ሰዓት ሆነው፤ አምስት፤ ስድስት።

ዶክተር ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ እንደወረዱ ደወሉ። የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። የእነሱ ሦስት ሰዓት ተኩል።

"ማና፣ አውሮፕላኑ ሲወርድ ተንገጫገጨብን። ባሮሜትሩ እንዴት ነው?"

"ስሏል ዶክተር።"

"በስንት ሰዓት?"

ደብተሩን ገለጥኩና የጻፍኩትን እንዳለ አነበብኩላቸው። "ሦስት ሰዓት ከሃያ።"

"ጥሩ" አሉ፤ ትንፋሽ ሲለቁ ተሰማኝ። "ጊዜ አለን። ለኡም ኻሊድ ደውዬ ከመግሪብ በፊት ይመለሱ እላታለሁ።"

መግሪብ ያሉት ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደውን ሰላት ነው፤ ኡም ኻሊድ የሚሉት ማዳምን ነው፤ ማዳም ደግሞ እሳቸውን አቡ ኻሊድ ይላሉ። እኔ በጣቴ ቆጥሬ ስድስት ሰዓት ማለፉን አውቄ ነበር። ጊዜ አለን ሲሉኝ ገረመኝ። ነገር ግን ከዶክተር በላይ የማውቀው እኔ ማን ነኝ? እሺ አልኩና ዘጋሁት። እንዲያውም እፎይ አልኩ፤ ማዳም ጋ የመደወሉ ሸክም ከላዬ ወረደልኝ።

የእነሱ አራት ሰዓት ሲሆን ምዕራቡ ቡናማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው የማውቀው እቴ ስንዱ የነገረችኝን ነው። ማዳም "አቡ ኻሊድ እስከ መግሪብ ቆዩ ብሏል" ብለው ሻይ እየቀዱ ነበር። ነፋሱ ድንኳኑን ከነችካሉ ነቀለው። እቴ ስንዱ ሁለቱን ልጆች በሁለት ብብቷ ይዛ ወደ መኪናው ሮጠች። የድንኳኑ የብረት ምሰሶ ማዳም ላይ ወደቀ፤ የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። የሞተ ሰው አልነበረም። ማዳም ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ከዘራ አይሄዱም።

ዶክተር ከሆስፒታል ሲመለሱ ደብተሩን ይዘው ይቀመጣሉ። አይበሉም። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላቸው ከአንድ የሙያ ጓደኛቸው ጋር በስልክ ያወሩ ነበር። "ያነበብኩላችሁን ጽሑፍ ተዉት። ከሳሉ እስከ ሰራያቱ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። ዕድሜ ልኬን ስሳሳት ኖሬያለሁ። ባለቤቴንም ቆዪ ያልኳት በራሴ አፍ ነው" ሲሉ ሰማሁ። አርባ ደቂቃ የሚለው ነገር አልገባኝም። እኔ የቆጠርኩት ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። ምናልባት እኔ የማላውቀው ሌላ ስሌት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጠሩኝና ገጹን አሳዩኝ።

"ይህን የጻፍሽው ዐስር ከመሰገዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ዐስር ከሰዓት በኋላ የሚሰገድ ሰላት ነው። ለምን ስለ ከሰዓት በኋላ ይጠይቁኛል ብዬ ገጹን አየሁ። ከቁጥሩ አጠገብ የእርጥብ አውራ ጣቴ ምልክት ደርቆ ወረቀቱን ጨምድዶታል። የፎጣው ውሃ ነው። ፎጣ የማሰጣው በጠዋት ነው። 3:20 የሚለውን ቁጥር ደግሜ አየሁት፤ ከዚያ የእጄን ሰዓት። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩት።

"ማና?"

"አላስታውስም ዶክተር።"

በዚያ ቤት የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እቴ ስንዱ ጋ ደውዬ ነገርኳት።

"ታዲያ ማን ያውቃል?" አለችኝ።

"ማንም አያውቅም።"

"እንግዲያው አንቺም አታውቂም። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሴትዮዋ እግሯ የተሰበረው በእኔ ነው ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው? በማግስቱ ነው ኹሩጅ የሚመቱብሽ።"

"ዶክተር እኮ በራሳቸው ጥፋት የሆነ ነው የሚመስላቸው። ሥራቸውን ሁሉ ሊተዉት ነው።"

"ይተዉት። ጡረታ የወጡ ሰው አይደሉ? ይረፉበት።"

ቀጥላም "እኔ ግን ልጆቹን ተሸክሜ ስሮጥ አንቺን ነበር ያሰብኩት። ማና ብታውቅ ትደውልልኝ ነበር እያልኩ" አለች። እንድጎዳ ብላ አይደለም የተናገረችው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ።

ጠዋት ዶክተር ከመነሣታቸው በፊት ደብተሩን ከጠረጴዛቸው ላይ አነሣሁ። በ3:20 ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ ተጠንቅቄ። አጠገቡ 9:20 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ "ማ"። ገጹን እንደተከፈተ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ኩሽና ገባሁ። አፌ ሊናገረው አይችልም ነበር፤ እጄ ግን እንዴት እንደሚደረግ ተምሯል።

"ማና" አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ሄድኩ። "ይህ ምንድን ነው?"

ክንዴን ዘረጋሁላቸው። ሰዓቴን አዩት፤ የግድግዳውን አዩ።

"ቆሟል እንዴ?"

"አልቆመም ዶክተር። የአገሬ አቆጣጠር ነው። እኛ ከጠዋቱ መቁጠር የምንጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። የእናንተ ዘጠኝ የእኛ ሦስት ነው። የእናንተም ሦስት የእኛ ዘጠኝ ነው። ያን ቀን ቸኩዬ ሳልለውጠው ጻፍኩት። ፎጣ እያሰጣሁ ነበር፤ ውሃው እዚህ አለ።" አውራ ጣቴን በምልክቱ ላይ አደረግኩት። ልክ ሆነ።

በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። "ከሳሉ እስከ ሰራያቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ" አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ደስታ ነው ማለት ይከብደኛል። እንደ ደስታ ጀመረና ወዲያው ሌላ ነገር ሆነ፤ ዓይናቸው ወደ ማዳም ክፍል ሄደ።

ኸላስ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ የሚሉኝን ቃል ጠበቅኩ። እሳቸው ግን "አባቴ ሰዓቱን ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ላይ ነበር የሚሞላው። ያን ጊዜ እዚህ ሁሉም ሰው እንዲያ ነበር። የአባቴን ሰዓት ብታይ ኖሮ እሱም ሦስት ከሃያ ነበር የሚልሽ" አሉኝ። ደብተሩን ከደኑት። "ለኡም ኻሊድ አንቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እግሩ የእኔ አይደለም።"

ማዳም አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፄ ስለማይሰማ ሁለቴ "ከፍ አድርጊ" አሉኝ። ስጨርስ ስለ ሰዓቱ የጠየቁኝ ነገር የለም።

"ሰዓቱ የአገርሽ ነው፤ በእሱ አልፈርድብሽም። ከጠዋት ጀምረሽ ታውቂ ነበር?"

"አዎ ማዳም።"

"የእኔ ቁጥር የለሽም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ?"

"አፈርኩ።"

"አፈርሽ" አሉ፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አኘኩት። "እኔ ድንኳን ሥር ወድቄ ስጮህ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ አፍረሽ ነበር።"

የቀዘቀዘውን ሻያቸውን አንሥቼ ወጣሁ።

ኹሩጅ አልመቱብኝም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ማዳም አንድ ወር ያህል ስሜን አልጠሩም፤ የሚያስፈልጋቸውን ለዶክተር ይነግራሉ፣ ዶክተር ለእኔ። ገላቸውን የማጥባቸው ግን እኔ ነበርኩ፤ በየቀኑ እግራቸውን ቀስ አድርጌ አነሣለሁ። ዶክተር በበኩላቸው ደብተሮቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ እንድፈትሽ አዘዙኝ። ሌላ የተሳሳተ ሰዓት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በልዩው ገጽ ላይ ሰዓት ስጽፍ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፍ ነበር። ለጓደኛቸው መልሰው ሲደውሉ ሰማኋቸው፤ "አትተዉት፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው" አሉ። የማን ሰዓት እንደሆነ አልተናገሩም። ጽሑፉን ማስጠንቀቂያ ለሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ላኩት። መልሱ እስካሁን አልመጣም።

አንድ ቀን ማዳም ከዘራቸውን ይዘው ኩሽና በር ላይ ቆሙና "ማና፣ ምሳ በስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። "በአንድ ሰዓት ማዳም" አልኩ። "በእኔ ነው ወይስ በአንቺ?" አሉ። አልሳቁም፤ ስሜን ግን ጠሩኝ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ዘንድሮ ሰራያት በሚመጣባቸው ሳምንታት ማዳም ከተጎዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኒስፍ አልቀመር ሄዱ፤ ሪያድ ሳይገቡ ባሕሩን ሊሰናበቱ። ልጃቸው፣ ልጆቹና እቴ ስንዱ አብረዋቸው ነበሩ። ዶክተር ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ፎጣ አሰጣሁ፤ ከበደኝ። ወርጄ ባሮሜትሩን አንዴ መታ አደረግኩት፤ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። እየወረደ ነው። በየዐሥር ደቂቃው ተመለስኩ። ዘለለ፤ ተመልሶ ወረደ።

ስልኩን አነሣሁ። ቆሜ ደወልኩ።

"ማዳም፣ ማና ነኝ። ሳል አየሁ። ተመለሱ።"

ከወዲያ የልጆች ጩኸትና የባሕሩ ድምፅ ይሰማል።

"በስንት ሰዓት?"

"በእርስዎ ዐሥር ሰዓት። በእኔ አራት ሰዓት። አሁን ነው።"

"ሰማዩ እኮ መስታወት ነው ማና።"

"ያን ጊዜም መስታወት ነበር።"

ከዚያ "ስንዱ፣ ልጆቹን ሰብስቢ" ሲሉ ሰማሁ።

የእነሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ቤት ገቡ። ልጆቹ አኩርፈዋል፤ አሸዋው ገና እግራቸው ላይ ነው። እቴ ስንዱ ያልተበላውን ምሳ ተሸክማ እያለፈች "ይህን ሁሉ ሩዝ አንቺ ነሽ የምትበይው" አለችኝ በአማርኛ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ምዕራቡን ሳይ ዋልኩ። ዐስር ተሰገደ። ሰማዩ አልተለወጠም። መግሪብ ደረሰ፤ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ጠለቀች። ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ዶክተር ተመልሰው ባሮሜትሩን አዩና "ይህም ይጻፍ። ሳል ታየ፣ ሰራያት አልመጣም በይ" አሉኝ። ጻፍኩ።

ማዳም ሳሎን ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ነበር። በአጠገባቸው አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ ጠሩኝ።

"የታለ ሰራያትሽ?"

"ማፊ፣ ማዳም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀንዎን አበላሸሁብዎት።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ውጭውን ብዙ አዩ።

"ሌላ ጊዜም ደውዪ" አሉኝ።

እሺ ብዬ የማታውን ልመዘግብ ወደ ጣሪያ ወጣሁ። ፎጣዎቹ እስከዚያ ሰዓት አልደረቁም ነበር። የዝናቡን ጣሳ አንሥቼ ውስጡን አየሁ። ደረቅ ነው። በዓምዱ ላይ 0 ጻፍኩ፤ አጠገቡም "ማ"።